ጋሽ ሚዛን የተወው ጨዋታ

እኔ ማተሚያ ቤት ውስጥ ገጽ አቀናባሪ ነኝ። ሰው የጻፈውን እቀበላለሁ፣ ከወረቀቱ ልክ ጋር አስማማለሁ፣ አልገባ ያለውን «ቀንሱልኝ» እላለሁ። «ቀንሱልኝ» ያልኩት ሰው ሁሉ ቂም ይዞብኛል። አንዳንዱ መንገድ ላይ ሲያየኝ ዛሬም ፊቱን ያዞራል። በሃያ ዓመት ሥራዬ «ቀንስ» ስለው ደስ የሚለው አንድ ሰው ብቻ ገጥሞኛል፤ እሱም ጋሽ ሚዛን ነው።

ሚዛን እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። ያወጡለት የሰፈራችን የሴቶች ሆኪ ክለብ ተጫዋቾች ናቸው። እንጀራው የውሃ ቆጣሪ ማንበብ ነው። ጠዋት ጠዋት ደብተሩን በብብቱ ሸጉጦ ከቤት ቤት ይዞራል፣ የቆጣሪውን ክዳን ከፍቶ ያጎነብሳል፣ ያየውን ቁጥር ይጽፋል። በሩ ከተቆለፈ ወይም ውሻው አላስገባ ካለው «አልተነበበም» ብሎ ጽፎ ያልፋል። ባልደረቦቹ እንዲህ ሲገጥማቸው ካለፈው ወር ተነስተው በግምት ይሞላሉ። እሱ ግን በሕይወቱ ግምት ጽፎ አያውቅም። በዚህ ከአለቆቹ ጋር ስንት ጊዜ እንደተጣላ እሱና አለቆቹ ይቁጠሩት።

ከዚህ ሌላ ደግሞ አንድ የማይከፈልበት ሥራ አለው። በየዓመቱ ውድድሩ ሲያልቅ የክለቡን የዓመት ታሪክ ይጽፋል። ታሪኩ የሚወጣው ክለቡ ለአባላቱ በሚያሳትማት ትንሽ መጽሔት ላይ ነው። መጽሔቷ ከአንድ ትልቅ ወረቀት ታጥፋ የምትወጣ፣ አሥራ ስድስት ገጽ ብቻ ያላት ናት። አሥራ ሰባተኛ ገጽ የሚባል ነገር በእኛ ሙያ የለም፤ ካስፈለገ ሌላ ወረቀት ነው፣ ሌላ ወረቀት ደግሞ ክለቡ አይሞክረውም። ከአሥራ ስድስቱ ለታሪኩ የሚደርሱት አራት ናቸው። በአራት ገጽ ላይ ወሬው ወሬ እንዲሆን ከተፈለገ ዘጠኝ ጨዋታ ይገባል፣ ሲበዛ አሥር። ክለቡ በዓመት የሚጫወተው ሃያ ሁለት ጊዜ ነው። የትኞቹ ይጻፉ፣ የትኞቹ ይቅሩ? ጋሽ ሚዛን በዚህ ጥያቄ አርጅቷል።

ሥራው ላይ የወደቀው በፍቅር ነው። ክለቡ ከተቋቋመ ጥቂት ዓመታት በኋላ ባለቤቱ፣ ያኔ ገና እጮኛው፣ በተከላካይነት ገባች። እሷን ለማየት ሲመላለስ፣ ሜዳው ዳር እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ የሚቆም ወንድ እሱ ብቻ ስለነበር፣ አሠልጣኟ የውጤት ደብተሩን አስታቀፈችው። እትዬ፣ እኔ ባለቤቱን እትዬ ነው የምላት፣ አራት ዓመት ተጫውታ ልጃቸውን ስታረግዝ አቆመች። እሱ ደብተሩን አላስቀመጠም። ይኸው ሠላሳ ሦስት ዓመቱ።

ውድድሩ ካለቀ በኋላ ያለውን ሳምንት ተጫዋቾቹ «የልመና ሳምንት» ይሉታል። ጋሽ ሚዛን ከሥራ መልስ በክለቡ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ዱላዎቹ ከተደረደሩበት ግድግዳ ሥር፣ የተገለበጠ የለስላሳ ሣጥን ላይ ይቀመጣል። ጨዋታዋ እንዲጻፍላት የምትፈልግ ሁሉ በተራ ትገባና ትከራከራለች። እሱ ሰምቶ ሰምቶ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፤ «ይሄን ጨዋታ ባወጣው ዓመቱ ይቆማል ወይስ ይወድቃል?» ዓመቱ ያለዚያ ጨዋታ ከቆመ፣ ጨዋታው ይቀራል። በቃ። ማልቀስ አይረዳም፣ ኬክ ማምጣትም አይረዳም። ኬኩን ግን ይበላል።

አንድ ጊዜ የሽፋን ፎቶ ልወስድ ሄጄ ችሎቱን በዓይኔ አይቻለሁ። አጥቂዋ፣ ቀልጣፋና አፈ ጮሌ ልጅ፣ ብቻዋን አራት ግብ ያስቆጠረችበትንና ሰባት ለዜሮ ያሸነፉበትን ጨዋታ ይዛ ቀረበች።

«ጋሼ፣ አራት ግብ ነው እኮ» አለችው።

«አይቻለሁ። አጨብጭቤልሻለሁም።»

«ታዲያ?»

«በዚያ ቡድን ላይ ያላገባ የለም። ባወጣው ዓመቱ ምንም አይሆንም።»

«እሺ ግቦቹን ተዋቸውና ስሜን ብቻ ጻፍልኝ።»

«ስምሽማ አለ። ገጽ ሦስት፣ የተጫዋቾች ዝርዝር ላይ።»

በሩን በላዩ ላይ ድርግም አድርጋ ወጣች። በዚያው ዓመት ግን በሃያኛው ደቂቃ ዝናብ ያቋረጠውን፣ ግብ ያልተቆጠረበትን፣ ያላለቀ ጨዋታ ሩብ ገጽ ሰጥቶ ጻፈው። ጤና የለውም ብዬ ደወልኩለት። «በዚያ ዝናብ አምስት ተጫዋች አልጋ ላይ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፍን። ዓመቱን ያበላሸው ያ ዝናብ ነው» አለኝ። ደብተሩን ሳገላብጥ እውነቱን ነው። እንዲህ ያለ ሰው ደስ ይለኛል፤ በእኔ እስካልመጣ ድረስ።

ሌላም ሕግ ነበረው። የገዛ ቤተሰቡ የሠራውን አይጽፍም። እትዬ «አራት ዓመት ተጫውቼ፣ በባሌ መጽሔት ላይ አንድ ቀን እንኳ ኳስ ነክቼ አላውቅም» እያለች ትስቃለች። እሷ መሳቅ ትችልበታለች። ልጃቸው ግን አልሳቀችም።

ልጅቷ በሜዳው ዳር ነው ያደገችው። በእግሯ ሳትሄድ ዱላ ይዛለች ይላሉ፤ ማጋነን ነው እንጂ ብዙም አልራቀም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት ክለቡ ሁለተኛ በረኛ አድርጎ ያዛት። ሁለተኛ በረኛ መሆን ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር፤ ያን ሁሉ የእግርና የደረት መከላከያ ለብሶ ወንበር ላይ መቀመጥ ማለት ነው። ሁለት ዓመት ተቀመጠች። አንዲት ደቂቃ አልገባችም።

ከሰባት ዓመት በፊት፣ በዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ዋዜማ፣ የመጀመሪያዋ በረኛ ልምምድ ላይ ጣቷ ተሰበረ። ያን ጨዋታ ካላሸነፉ ክለቡ ወደ ታችኛው ምድብ ይወርዳል። እኔ ሆኪ ብዙም አይጥመኝም፣ በዚያ ላይ ያን ቀን ሥራ ላይ ነበርኩ፤ የምናገረው የሰማሁትን ነው። አንድ ለዜሮ እየመሩ ቆዩ። ደቂቃው ሊያልቅ ሲል ዳኛዋ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠችባቸው። መቺዋ የዚያ ዓመት ኮከብ ግብ አግቢ ነበረች። መታች፣ የጋሽ ሚዛን ልጅ አዳነችው፣ ፊሽካው ተነፋ። ተጫዋቾቹ ልጅቷን ከነመከላከያዋ ተሸክመው ሜዳውን ዞሩ።

በልመናው ሳምንት አምበሏ ስለ ልጅቷ ልትከራከር መጣች። «ጋሼ፣ ይሄ ጨዋታ ከወጣ ዓመቱ ይወድቃል። ሕጉን ያወጣኸው ራስህ ነህ» አለችው። «የልጄ ነው፤ አልጽፍም» አላት። አምበሏ ሦስት ቀን ተመላለሰች፣ ሦስት ቀን ያንኑ መለሰላት። ልጅቷ ራሷ ለልመና አልሄደችም። ከዕቃ ቤቱ የሚመለሰውን አባቷን ቤት ሆና ትጠብቀዋለች፣ እራት ታቀርብለታለች፣ እሱም በልቶ ይነሳል። ልጅ አባቷን መለመን አያስፈልጋትም ብላ ነበር መሰለኝ።

ጽሑፉ እኔ ጋ መጣ። ሳቀናብረው በአራተኛው ገጽ ግርጌ አራት መስመር ባዶ ቀረ። ደወልኩለት።

«ጋሼ፣ አራት መስመር ቦታ አለህ። የምትጨምረው ነገር አለ?»

«የለም። አበባ አድርግበት» አለኝ።

እኔም የታዘዝኩትን አደረግኩ። ከጌጦቻችን መካከል ሁለት ቅጠል ያላትን ቆንጆ አበባ መርጬ ባዶው ቦታ ላይ ተከልኩ። ታሪኩ «ክለቡ በምድቡ ቆየ» ይልና ያበቃል። እንዴት እንደቆየ የለም። ከሥሩ የእኔ አበባ አለች። በሥራዬ ብዙ ስሕተት ሠርቻለሁ፣ የከንቲባ ፎቶ ዘቅዝቄ አሳትሜአለሁ፤ የዚያችን አበባ ያህል የሚቆጠቁጠኝ ግን የለም።

መጽሔቷ ስትወጣ ልጅቷ ማዕድ ቤቱ በር ላይ ቆማ አነበበቻት። እትዬ እንደነገረችኝ፣ ጣቷን አበባዋ ላይ አድርጋ «ቦታ ነበረ እኮ» አለች። መከላከያዋን ለክለቡ መለሰች፣ በሁለት ሳምንቷ በሌላ ከተማ መድኃኒት ቤት ሥራ አግኝቻለሁ ብላ ሄደች። ዱላ ዳግም አልነካችም።

ሰባት ዓመት ሙሉ እሁድ እሁድ አሥር ሰዓት ላይ ትደውላለች። ስልኩን የሚያነሳው ጋሽ ሚዛን ነው። «እማዬ አለች?» ትላለች። «አለች» ይላል። ስልኩን ለእትዬ ይሰጣል። አለቀ። ሰላም ነህ ወይ፣ እንዴት ከረምክ የለም። እትዬ አንድ ጆሮዋ ስለደከመ ስልኩ ሁልጊዜ በድምፅ ማጉያው ነው። እሱም ወንበሩን ትንሽ ራቅ አድርጎ ይቀመጥና ያዳምጣል። አከራይዋ አስቸጋሪ መሆኗን ያውቃል፣ ሳሏ እንዳልተዋት ያውቃል፣ አዲስ ጫማ ገዝታ እንደጠበባት ያውቃል። ስለ ልጁ የማያውቀው የለም፤ ለእሱ ተብሎ የተነገረው ግን እነዚያ ሁለት ቃላት ናቸው።

ሁለት ጊዜ መጥታለች። ጉንጩን ሳመችው፤ የጎረቤት ሽማግሌም እንዲሁ ነው የሚሳመው። ቁጭ ብላ ሻይ ጠጥታ ሄደች። እሷ ከሄደች በኋላ አንድ ሳምንት ሰው ሰላም አይልም ነበር። አንድ ቀን ሥራ ቦታዬ ገብቶ፣ ሳልጠይቀው፣ «የሰው በር ሳንኳኳ ከውስጥ 'ማነው?' የሚል የልጅ ድምፅ ስሰማ ምን ልጽፍ እንደመጣሁ ይጠፋብኛል» አለኝ። ወረቀት መቁረጫውን ማስተካከል ጀመርኩ። ወንድ ልጅ ሲጨንቀው ሁልጊዜ የሚያስተካክለው ነገር አያጣም።

ዘንድሮ ክለቡ ሠላሳ አምስት ዓመት ሞላው። የእስከ ዛሬው የዓመት ታሪክ ሁሉ በአንድ መጽሐፍ ተሰብስቦ ይታተም ተባለ፤ ሥራው ለእኔ ደረሰኝ። የክለቡ ሊቀመንበር የዛሬ ሰባት ዓመት አምበል የነበረችው ናት። ወረቀቱን ስታስረክበኝ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀችኝ። «ያ የቅጣት ምቷ ዓመት እንደተቆረጠ እንዳይወጣ። ለጋሼ ንገረው። እኔን አይሰማኝም።»

መጽሐፉ ወደ ማተሚያው ሊገባ ዐሥር ቀን ሲቀረው ጋሽ ሚዛን እርማት ሊያይ መጣ። ከጎኔ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ መነጽሩን አደረገ፣ ገጽ በገጽ እያየን ሄድን። እዚያ ገጽ ላይ ስንደርስ የኮምፒውተሩን ማውስ ለቀቅኩት። አበባዋ ስክሪኑ ላይ ቁጭ ብላለች።

«እዚህ ጋ ቦታ አለ» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«ይሞላ ተብሏል።»

«የታተመ ታሪክ አይነካም» አለ።

«ማን ነው ያለው?»

«እኔ።»

ቁጣዬ መጣ። እኔ ቶሎ ነው የሚመጣብኝ፤ ባለቤቴም ትመሰክራለች። «ጋሼ፣ ይቅርታ አድርግልኝና፣ ላላለቀ ጨዋታ፣ ለዝናብ፣ ሩብ ገጽ የሰጠህ ሰው ነህ። ለገዛ ልጅህ አራት መስመር ነፈግካት። እኔን ደግሞ አበባ አስተከልከኝ። እኔ አታሚ ነኝ እንጂ አትክልተኛ አይደለሁም» አልኩት።

ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«አላየሁትም» አለ።

«ምኑን?»

«ቅጣት ምቷን። አላየኋትም።»

ቀስ እያለ ነገረኝ። ዳኛዋ ፊሽካ ስትነፋ ደብተሩ ጭኑ ላይ ነበር። ልጁ መሐል ላይ ስትቆም፣ ያ ሁሉ ሰው እሷን ብቻ ሲያይ፣ ደብተሩን ወንበሩ ላይ ትቶ ተነሳ። እግሩ ይዞት ሄደ። ዕቃ ቤቱ ጀርባ የክለቡ የውሃ ቆጣሪ አለ። ክዳኑን ከፍቶ አጎነበሰ። «ዜሮ አራት ሰባት ሁለት ዘጠኝ። ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርህም። ከዚያ ጩኸት ሰማሁ። የእኛ ሰዎች ይሁኑ የእነሱ አላወቅኩም። ስመለስ ተሸክመዋታል።»

«ታዲያ ይሄን ያኔ ለምን አልነገርካትም?»

«ምን ብዬ? አባትሽ ፈርቶ ሸሸ ብዬ?» እጁን ፊቱ ላይ አሻሸ። «ሕጉ ነበረልኝ። ሁሉም ሰው ሕጉን ያውቃል። ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ወጥቼ ከሕጉ ጀርባ ገባሁ። አሁን ደግሞ ልጻፍ ብልስ? ያላየሁትን እንዴት አድርጌ ልጻፍ?»

«ያየ ሰው ጠይቃ።»

«ጠይቄአለሁ። በዚህ ሳምንት ሦስት ሰው ጠይቄአለሁ። ሊቀመንበሯ በቀኝ እጇ መለሰችው አለች። ያቺ አጥቂ በዱላዋ ነው ብላ ማለችልኝ። አሠልጣኟ ደግሞ ኳሱ ምሰሶ ገጭቶ ነው የተመለሰው አለች። ሦስት ምስክር፣ ሦስት ኳስ።»

«አንዲት ምስክር ቀርታሃለች» አልኩት።

መነጽሩን አንስቶ በሸሚዙ ጫፍ መወልወል ጀመረ።

«እሷ እኔን የምታናግረኝ ሁለት ቃል ነው» አለ።

«አንተስ ስንት ቃል ነው የምትመልስላት?»

አሰበ። «አንድ» አለ።

እሁድ ዘጠኝ ተኩል ላይ እርማት አመጣሁ ብዬ ቤታቸው ሄድኩ። እርማቱ ሰኞም ይደርስ ነበር፤ ሦስታችንም እናውቃለን። ጋሽ ሚዛን ተላጭቷል። ጉንጩ ላይ የምላጭ ጭረት ነበረች። ጠረጴዛው ላይ ስልኩ፣ ከስልኩ አጠገብ ደብተሩ፣ በደብተሩ ላይ እስክርቢቶ አለ። እትዬ ሻይ ቀድታ ሰጠችኝና ለእሱ ሳትቀዳ ተቀመጠች። እንደማይጠጣው ታውቃለች። ለምንም ነገር ቅር ስትል ወይ ስትቸኩል አይቻት የማላውቅ ሴት፣ ያን ቀን የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ እያጠፈች ትዘረጋው ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ።

«ሀሎ» አለ።

«እማዬ አለች?»

እሱ እትዬን አያት። እትዬ የጠረጴዛውን ልብስ አየች። እኔ እርማቴ ላይ አቀረቀርኩ።

«አለች» አለና ስልኩን አልሰጠም። «ግን አንድ ጊዜ ቆዪኝ። የምጠይቅሽ ነገር ነበረኝ።»

በእሷ በኩል መኪና ሲያልፍ ተሰማ። «ምንድን ነው? ደህና አይደላችሁም እንዴ?»

«ደህና ነን። ያቺ ቅጣት ምት... እንዴት እንዳዳንሻት ንገሪኝ። ለመጽሐፉ ነው። ልጽፋት ነው።»

«አሁን?»

«አሁን።»

«እነሱን ጠይቃቸው።»

«ጠየቅኳቸው። አንዳቸውም አያውቁም። እኔ ደግሞ አላየሁም።»

«አውቃለሁ» አለች።

እትዬ እጇን ከጨርቁ ላይ አነሳች።

«ስትሄድ አየሁህ» አለች ልጅቷ። ድምጿ የተቆጣ አልነበረም፤ ብዙ ጊዜ ለራሷ የተናገረችውን ነገር የምትደግም ትመስል ነበር። «መቺዋ ኳሷን ስታስቀምጥ ከትከሻዋ በላይ አየሁህ። ጀርባህን። ዕቃ ቤቱ ጋ ስትታጠፍ። እንደሚገባብኝ እርግጠኛ ሆኖ ነው የሄደው አልኩ። ውርደቴን ላለማየት ነው አልኩ። መጽሔቱ ሲወጣ ደግሞ፣ ካዳንኩትም በኋላ አላመነኝም አልኩ። ይሄን ስል ሰባት ዓመቴ።»

«አልነበረም» አለ።

«ታዲያ ምን ነበር?»

«ቢገባብሽ የምታለቅሺውን ማየት አልቻልኩም። ያ ብቻ ነው።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ፈሪ ነኝ፣ ልጄ። ሰው ሁሉ ሕጉን እያከበረ ነው ሲለኝ ዝም አልኩ እንጂ፣ ፈሪ ነኝ። ናፍቀሽኛል። እሁድ እሁድ ሁለት ቃል ልሰማ ከጠዋት ጀምሬ እዚህ ወንበር ላይ ነው የምውለው። እናትሽን ጠይቂያት።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት፤ ሰዓቱ ይቆጥራል።

«እስክርቢቶ ይዘሃል?» አለች ልጅቷ።

«ይዣለሁ።»

«ጻፍ። ኳሷ የመጣችው በግራዬ ነው፣ ዝቅ ብላ። እኔ ወደ ቀኝ ጀምሬ ነበር። ተሳስቼ ነበር። መመለስ ስለማልችል እግሬን ወደ ኋላ ወረወርኩት። ተረከዜን ነክታ ወጣች። እጄም አይደለም፣ ዱላዬም አይደለም፣ ምሰሶም አይደለም። ተረከዜ ነው። ዕድልም አለበት። ዕድልም አለበት ብለህ ጻፍ።»

«ጻፍኩ።»

«አንተም ዕቃ ቤቱ ጀርባ እንደነበርክ ጻፍ።»

እስክርቢቶው ቆመ። በሠላሳ ሦስት ዓመት ታሪክ ውስጥ ጋሽ ሚዛን አንድም ቦታ የለም። እኔ ነኝ ያቀናበርኩት፣ አውቃለሁ።

«እሱ ካልተጻፈ የእኔም ይቅር» አለች።

ጎንበስ ብሎ ጻፈ። ፊደሉ እንደ ወትሮው ጥርት ያለ ነው። ሲጨርስ ሳትጠይቀው አነበበላት። «የዚህ ታሪክ ጸሐፊ የበረኛዋ አባት ነው። መቆም አቅቶት ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ስለነበር ምቷን አላየም። እዚህ የሰፈረው በረኛዋ እንደነገረችው ነው።»

«ጥሩ ነው» አለች። ድምጿ ተቀየረ። አፍንጫዋን ስትስብ በማጉያው ተሰማን።

«ሌላስ?» አላት።

«ሌላማ... ሲሸከሙኝ ከላይ ሆኜ የምፈልገው አንተን ነበር። ወንበርህ ላይ ደብተርህን አየሁት። አንተ አልነበርክም። እስኪያወርዱኝ ድረስ ስፈልግህ ነበር።»

ጋሽ ሚዛን እስክርቢቶውን ከደነው።

«ይሄን አልጽፈውም» አለ። «ይሄ ለእኔ ይቅር።»

«ይቅርልህ» አለች።

አሁን ስልኩን ለእናቷ እንዲሰጥ የምትነግረው መስሎኝ ነበር። እሱም መስሎት ወደ እትዬ ዘረጋው። እትዬ እጇን አልዘረጋችም። ስልኩ በመካከላቸው እንዳለ ልጅቷ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ጉልበትህስ እንዴት ነው?» አለች። «ባለፈው ለእማዬ ስትነግራት ከወዲያ ሰምቼህ ነበር። ደረጃ መውጣት አቃተኝ ስትል።»

ጋሽ ሚዛን ስልኩን ወደ ራሱ መለሰና ስለ ጉልበቱ ይነግራት ጀመር። የትኛው ጎን እንደሚያመው፣ የትኛው ቤት ስንት ደረጃ እንዳለው፣ ሐኪሙ ምን እንዳለው፣ እሱ ደግሞ ለሐኪሙ ምን ብሎ እንደመለሰለት፣ አንድ ሳያስቀር ነገራት። ልጅቷ ትጠይቃለች፣ እሱ ይመልሳል። እኔ እርማቴን ይዤ ወጣሁ። እትዬ በዚያ እሁድ ስልኩ አልደረሳትም።